አንድ ደቂቃ ተኩሉ የልጅቷ ነው

(ሴት ልጆቻቸው በጂምናስቲክ ለሚወዳደሩ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጅ አድርሳችሁ፣ ያንን ሁሉ ትራፊክ አልፋችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ለልጆቻችሁ የፍሎር ሩቲን፣ ማለትም ምንጣፍ ላይ በሙዚቃ የሚሠራውን ትርዒት፣ ሳወጣ ነው። ዛሬም የማወራው ስለዚያው ነው። ሙዚቃውን ማን ይምረጥ? እንዴት ይመረጥ? ሩቲኑስ ማንን ይምሰል?

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ከጂሙ ኢሜይል ይመጣል። ልጃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ሌቭል 6 እንደምትገባ ይነግራችሁና የፍሎር ሙዚቃ ምረጡ ይላል። አብዛኛው ወላጅ ይህን ሲያይ ሌላ ወጪ መጣ ብሎ ያስባል። አይፈረድበትም። የወሩ ክፍያ አለ፣ ሊዮታርድ የሚባለው የውድድር ልብስ አለ፣ የሚት፣ ማለትም የውድድር፣ መመዝገቢያ አለ፣ ሆቴል አለ። አሁን ደግሞ ሙዚቃና ኮሪዮግራፊ፣ ማለትም እንቅስቃሴውን ማውጣት።

እኔ ግን ያንን ኢሜይል በጣም ነው የምወደው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በዚህ አገር ልጆች ደረጃ በደረጃ በሚያድጉበት የዴቨሎፕመንት ፕሮግራም እስከ ሌቭል 5 ድረስ ሩቲኑ ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያ ያለችውም ሜሪላንድ ያለችውም ልጅ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ትሠራለች። እጅ መቼ እንደሚነሳ፣ ጭንቅላት ወዴት እንደሚዞር ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ዳኛዋ የምትፈልገው ልጅቷ ከተጻፈው የት ቦታ ላይ እንደወጣች ነው። መሠረት የሚጣለው እንደዚያ ስለሆነ አልቃወምም። ከሌቭል 6 ጀምሮ ግን ሩቲኑ የራሷ ይሆናል። ኤክሴል በሚባለው ሌላ የውድድር መስመር ያሉት ደግሞ ከዚያም በፊት የራሳቸውን ይሠራሉ።

አሁን አስቡት። ቮልት ላይ፣ ማለትም ሮጠው በሚዘሉበት መሣሪያ፣ ሙዚቃ የለም። በሚንጠለጠሉበት ባር ላይ የለም። ሚዛን በሚጠብቁበት ጠባብ ቢም ላይ የለም። ወንዶቹ ፍሎር ይሠራሉ፣ እነሱም ያለ ሙዚቃ ነው። በአርቲስቲክ ጂምናስቲክ ውስጥ ሙዚቃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሴቶች ፍሎር። ልጃችሁ በሳምንት ይህን ሁሉ ሰዓት «እግርሽን ዘርጊ፣ ጉልበትሽን ግጠሚ» እየተባለች ትውላለች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ «እኔ እንዲህ ነኝ» ብላ የምትቆምበት ጊዜ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ያንን አንድ ደቂቃ ተኩል እንዳንቀማት ነው ዛሬ የምለምናችሁ።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። ምንጣፉ 12 ሜትር በ12 ሜትር ነው፤ ከሥሩ ስፕሪንግ አለ። ከጥግ እስከ ጥግ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሩጫውና መገለባበጡ፣ ታምብሊንግ የምንለው፣ በዚያ መስመር ነው የሚሠራው። ሩቲኑ ከ90 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። በታችኞቹ ደረጃዎች ከዚያም ሊያጥር ስለሚችል አሰልጣኟን ጠይቁ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ልጅቷ ስትንቀሳቀስ ነው። ሙዚቃው ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለፈሪ ልጅ ግን ትልቅ ስጦታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰከንዶች ቆማ ትሰማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትጀምራለች። ለሚደነግጡ ልጆች ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምሠራላቸው።

ሙዚቃው ግጥም ሊኖረው አይችልም። የሰው ድምፅ ይፈቀዳል፤ ማንጎራጎርም ሆነ እንደ መሣሪያ የሚገባ ድምፅ ችግር የለውም። ቃል ካለው ግን በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ አንድ ሙሉ ነጥብ ይቀነሳል። በዚያው ሕግ መሬት ላይ መውደቅም አንድ ነጥብ ነው የሚያስቀንሰው። እናንተ በመረጣችሁት ዘፈን ምክንያት ልጃችሁ ገና ሳትጀምር ወደቀች ማለት ነው። «ዳኞቹ አማርኛ አይሰሙም» ያለኝ አባት አለ። እባካችሁ ይህን አትሞክሩት። ሪትሚክ ጂምናስቲክ፣ ማለትም በሪባንና በኳስ የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ግጥም ያለው ሙዚቃ ፈቅዷል። እዚያ ያያችሁትን እዚህ አትጠብቁ።

ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የሮማኒያዋ ናዲያ ኮማነቺና የሶቪየት ኅብረቷ ኔሊ ኪም በሞንትሪያል ኦሎምፒክ በተወዳደሩበት በ1976 የፍሎር ሙዚቃ ፒያኖ ነበር። ኔሊ ኪም በፍሎር ሙሉ 10 አግኝታ ወርቁን የወሰደችው በዚያ ዘመን ነው። ቡድኖች ፒያኖ ተጫዋች ይዘው ይሄዱ ነበር። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ዓይን አለው። ልጅቷ ከዘገየች ትንሽ ይጠብቃታል፤ ከፈጠነች ይከተላታል። ዛሬ ከስልክ የሚወጣው ሙዚቃ ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ መጠበቁን ሙዚቃው ሲቆረጥ ነው ማስገባት ያለብን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሩቲን የሚበላሸው እዚህ ነው።

አንዲት የ11 ዓመት ልጅ 90 ሰከንድ ፍሎር ስትሠራ ምን እንደሚያጋጥማት ከወንበር ላይ ሆኖ መገመት ይከብዳል። የመጀመሪያው ታምብሊንግ ላይ ትኩስ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከባዱን እዚያ የምናስቀምጠውም ለዚህ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ትንፋሿ ያጥራል። መጨረሻ ላይ እግሯ እንደ እርሳስ ይከብዳታል፣ ደረቷ ይቃጠላል፣ እሷ ግን ፈገግ ማለት አለባት። ሙዚቃው ይህን ካላወቀ ጠላቷ ይሆናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጮህና የሚሮጥ ሙዚቃ ትንፋሽ አይሰጣትም። ጥሩ ቁራጭ መሐል ላይ ዝግ ይላል። እዚያ ላይ ዝቅ ትላለች፣ ምንጣፉን ትነካለች፣ ክንዷን በረጅሙ ትዘረጋለች። ተመልካቹ ውበት ያያል። እሷ ኦክስጅን ታገኛለች።

ሌላው ነገር እንቅስቃሴውና ሙዚቃው የሚታሰሩበት ምልክት ነው። አንዳንድ ኮሪዮግራፈር እያንዳንዱን ታምብሊንግ ከአንዲት ከበሮ ጋር ያስረዋል። በቪዲዮ ሲታይ ልብ ያስቆማል። ልጅ ግን ታድጋለች። በስድስት ወር ውስጥ እግሯ ይረዝማል፣ ሩጫዋ ይለወጣል፣ አንድ ቀን ጥግ ላይ ቆማ ታመነታለች። በአንዱ ከዘገየች ቀሪው ሁሉ ይናዳል። እኔ ሦስት ወይም አራት ቦታ ብቻ ነው የማስርላት። መጀመሪያው፣ ዝግ የሚልበት ቦታ፣ የመጨረሻው ሩጫ የሚነሳበት እና መዝጊያው። በመሐል ያለው ይተንፍስ። ብትዘገይ አንድ እጅ ትቀንሳለች፤ ብትፈጥን አንድ እርምጃ ትጨምራለች። እኔ ካላወቅሁ ዳኛዋም አታውቅም።

መዝጊያው ግን መታሰር አለበት። ሙዚቃው ቀስ እያለ ጠፍቶ የሚያልቅ ከሆነ አትውሰዱት። ልጅቷ የመጨረሻውን ቅርጽ የምትይዝበት ግልጽ ምት ያስፈልጋታል። እንቅስቃሴዋና የመጨረሻው ምት ካልገጠሙ 0.1 ይቀነሳል። ሙዚቃው በመቀስ የተቆራረጠ መስሎ ከተሰማም እንዲሁ። በ90 ሰከንድ ውስጥ አምስት ዘፈን መጠቅጠቅ ፋሽን ሆኗል። ጆሮ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይመጣል፣ ልጅቷም የቱን መሆን እንዳለባት ይጠፋታል። አንድ ሙዚቃ፣ ግፋ ቢል ሁለት፣ በቂ ነው።

0.1 ምን አላት የሚል ካለ የፓሪስ ኦሎምፒክን ያስታውስ። ኦገስት 2024፣ የፍሎር ፍጻሜ። የብራዚሏ ርብቃ አንድራዴ 14.166 አገኘች። አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ 14.133። ልዩነቱ 0.033 ነው። አንድራዴን ሙዚቃዋ አሸነፈላት አልልም፤ ውሸት ይሆናል። የባይልስ ሩቲን የክብደት ነጥቡ 6.9 ነበር፤ የአንድራዴ 5.9። ባይልስ ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጥታ 0.6 ተቀነሰባት። አንድራዴ ደግሞ ልኳ የሆነውን ሩቲን በጥራት ሠርታ ወረደች። በዓለም ጫፍ ላይ ወርቅና ብር በ0.033 ከተለያዩ፣ እዚህ በእኛ ሚት ላይ አንዲት 0.1 ስንት ልጅ እንደምታሻግር አስቡ።

አንድራዴን ካነሳሁ አይቀር የብራዚሎቹን ታሪክ ልጨርሰው፤ የምፈልገውን ነገር ከእነሱ በተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም። ዳያኔ ዶስ ሳንቶስ በ2003 በአናሃይም የዓለም የፍሎር ሻምፒዮን ሆነች። በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጂምናስት ናት። በቀጣዩ ዓመት አቴንስ ኦሎምፒክ ስትመጣ ይዛ የመጣችው «ብራዚሌይሪኞ»ን ነበር። የአገሯ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው፣ ጣት የማያስቀምጥ ፈጣን የሾሮ ዜማ ነው፤ ሾሮ የብራዚል የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። በአቴንስ አምስተኛ ወጣች፤ ሜዳልያ የለም። ሕዝቡ ግን ሩቲኑን እስከዛሬ አልረሳውም። ከዚያ አንድራዴ መጣች። በቶኪዮ የሠራችበት «ባይሌ ዴ ፋቬላ» ከድሃ ሰፈር የወጣ የፈንክ ሙዚቃ ነው፤ ከጀርመናዊው የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ ከባህ ኦርጋን ጋር ተቀላቅሎ። በዚያ ኦሎምፒክ በአጠቃላይ ውድድር ብር አገኘች፤ ለብራዚል ሴቶች በጂምናስቲክ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነው። በፓሪስ ደግሞ ቢዮንሴንና የአገሯን ልጅ አኒታን ቀላቅላ ወርቁን ወሰደች። ዶስ ሳንቶስና አንድራዴ ምንጣፉ ላይ ሲወጡ ሙዚቃው ከሰውነታቸው የሚወጣ ነው የሚመስለው። ያ ሙዚቃ ያደጉበት ነው።

ታዲያ የኛ ልጆች ያደጉበት ሙዚቃ የቱ ነው? ጥያቄው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በግል «ለምን በኛ ሙዚቃ አትሠራላትም?» ብላችሁኛል። ስትሉኝ ልቤ ይሞቃል። አሊ ሬይስማን በ2012 ለንደን ላይ በ«ሃቫ ናጊላ» ፍሎር ሠርታ በ15.600 ወርቅ ስትወስድ አይተናል። አይሁዳዊት ናት፤ ሙዚቃው በአይሁድ ሠርግ ሁሉ የሚጨፈርበት ነው። በፍሎር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። የራስን ይዞ መውጣት ያስከብራል እንጂ አያስቀንስም። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የማምነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጅቷን ጠይቋት። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለእሷ የእሁድ ከሰዓት፣ የአክስቷ ሠርግ፣ የመኪና ውስጥ ጨዋታ ከሆነ ትወጣበታለች። የአባቷ ናፍቆት ብቻ ከሆነ ግን ምንጣፉ ላይ ይታወቅባታል። ያልገባትን ናፍቆት በ90 ሰከንድ ተሸከሚ ማለት ይከብዳል። ቤት ውስጥ ማንም አያየኝም ብላ በምን ሙዚቃ እንደምትጨፍር ተመልከቱ። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታነሳ ትከሻዋ የሚንቀሳቀሰው በምንድነው? መልሱ እዚያ ነው ያለው። አንዳንዴ አስቴር አወቀ ትሆናለች። አንዳንዴ የኮሪያ ፖፕ ይሆናል። ሁለቱም ያስኬዳሉ።

«የኛን እፈልጋለሁ» ካለች ግን እንደ ነገሩ አንሥራው፤ በደንብ እንሥራው። ግጥም ክልክል ነው ብለን አንፍራ፤ የኛ አገር በመሣሪያ ሙዚቃ ሀብታም ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ አለ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን የተጫወተበት አለ። አንድ ቃል ሳይወጣው ፉከራ! ለጠንካራና ኃይለኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። እዚሁ ዲሲ የኖረው ኃይሉ መርጊያ በኪቦርድና በአኮርዲዮን የተጫወታቸው አሉ፤ ለለስላሳ ልጅ ይሆናሉ። ዋሽንት፣ ክራርና ማሲንቆ አሉ። እልልታም ቃል አይደለም፤ ቢሆንም ከውድድሩ በፊት አሰልጣኟ ዳኛ እንድትጠይቅ አድርጉ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ያመጣችልኝ እናት ነበረች። በጣም የምወደው ነው። ግን ምቱ እንደ ትንፋሽ የሚረዝምና የሚያጥር ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። ሙዚቃ መስማት ለምትችል፣ ለበሰለች ልጅ እንጂ ለጀማሪ አልሰጠውም።

መዝሙርስ የሚል አለ። የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ መዝሙሩ ለቤተ ክርስቲያን ይቆይ። ዳኛ ነጥብ የምትሰጥበት ቦታ አይደለም።

ምቱን በተመለከተ ለአሰልጣኞች የማስረዳው አንድ ነገር አለ። የጂም ልጆች የሚቆጥሩት በስምንት ነው፤ አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ ስምንት። ጭክቻካችን ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። ልጅቷ በለመደችው ስምንት ልቆጥርበት ካለች ሦስተኛው እርምጃ ላይ ትጠፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ትናንሾቹን ምቶች ትተዋቸውና ሁለቱን ትልልቆቹን ብቻ ትርገጥ፤ እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትናንሽ አሉ። ትልልቆቹን በእግር፣ ትናንሾቹን በትከሻ። ይህን አንዴ ከያዘች ፈረንጅ ጓደኞቿ ሁሉ ሊማሩት ይጋፋሉ።

እስክስታውን ደግሞ አጉልተን መሥራት አለብን። ዳኞቹ ከምንጣፉ ዳር ናቸው፤ ምንጣፉ ሰፊ ነው። ሠርግ ቤት በቅርብ የሚያምር ስስ የትከሻ እንቅስቃሴ እዚያ ይዋጣል። ትከሻው ሲሠራ እግር ሰፋ ብሎ ይቁም፣ አንገት ይከተል፣ ክንድ ከሰውነት ይራቅ። ቦታውም መጀመሪያ ላይ ይሁን። ከሦስተኛው ታምብሊንግ በኋላ ደረቷ ሲርገበገብ እስክስታዋና ትንፋሿ ይደባለቃሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። የጉራጌ ምት ደግሞ ለመጨረሻው ሩጫ ይሁን፤ ድካሟን ያስረሳታል፣ አዳራሹም ያጨበጭብላታል።

ኢትዮጵያዊ መሆን የግድ እስክስታ መሆን የለበትም፤ ይህንንም ልብ በሉልኝ። ፀጥ ያለች ልጅ አለች፤ ትከሻ ንቀጪ ስትባል ምድር ብትውጣት ትወዳለች። በባቲ ቅኝት በተጫወተ ክራር ላይ ረጅም፣ ዝግ ያሉ እጆች ስጧት። ሌላ ሰው ትሆናለች።

አሁን ስለ እንቅስቃሴው። ለ10 ዓመት ልጅ የማይገባ እንቅስቃሴ ሲሰጣት ካያችሁ የመናገር ሙሉ መብት አላችሁ። ብዙ የኛ ወላጆች «እንግሊዝኛዬ፣ አነጋገሬ» እያሉ ዝም ይላሉ። ዝም አትበሉ። «ይህ ለልጄ ዕድሜ አይሆንም፣ ይቀየር» በቂ ነው። ጨዋ ኮሪዮግራፈር በዚህ አይከፋም።

የዚያኑ ያህል የሚያሳስበኝ ልምምዱ የሚደረግበት ሁኔታ ነው። ኮሪዮግራፊ ብዙውን ጊዜ በግል ሰዓት ነው የሚሠራው፤ አንድ ትልቅ ሰው፣ አንዲት ልጅ። በዚህ አገር ጂምናስቲክ ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰውን ጥቃት ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በኋላ በወጡት ደንቦች መሠረት አንድ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር የሚሠራው ሌላ ሰው በሚያይበትና ሊገባ በሚችልበት ቦታ ነው። በሩ ክፍት ይሁን። መቀመጥ ከፈለጋችሁ ተቀመጡ። «ወላጅ ካለ ልጅቷ ትረበሻለች» የሚላችሁ ሰው ካለ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይህ ለእኔም ይሠራል። እኔ ጋ ስትመጡ ወንበር አለ።

ወጪን በተመለከተ ባጭሩ። ኢንተርኔት ላይ ተቆርጦ የተዘጋጀ የፍሎር ሙዚቃ ይሸጣል። ርካሽና ንጹሕ ነው፤ ግጥም የለውም፣ ልኩም ትክክል ነው። ችግሩ ያንኑ ሙዚቃ ሌላም ልጅ ትገዛዋለች። በአንድ ሚት ላይ ሁለት ልጆች በአንድ ሙዚቃ ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። ልጃችሁ በዚህ የምትሸማቀቅ ከሆነ ብዙ ያልተሰማውን ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ትስማው። ይህን ሙዚቃ ዓመቱን ሙሉ ትሰማዋለች፤ ጓደኞቿም፣ አሰልጣኞቿም፣ እናንተም። በሁለት ሳምንት ከሰለቻት ጥር ላይ ትጠላዋለች።

ለሚት ቀንም ሙዚቃው በሁለት ስልክ ላይ ይኑር፣ የሚጫወተው ስልክ ጥሪ እንዳይገባበት ይዘጋ። ሙዚቃው በመሣሪያ ብልሽት ቢቆም ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ ዳኛዋ እንደገና እንድትጀምር ልትፈቅድላት ትችላለች። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ቢቆምባት እንዳታለቅስ።

ጥያቄዎችን ልቀበል።

አንዲት እናት፦ «ልጄ ዓይን አፋር ናት። ፈገግ በይ ስትባል ጭራሽ ትኮሳተራለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ፈገግ በይ አትበያት። ሁሉም ልጅ ፈገግተኛ መሆን የለባትም። ኮስታራ የሆነ፣ ጥልቅ ሙዚቃ ስጧት፤ ያኔ ኮስታራነቷ ትወና ይሆንላታል። ዓይኗን ግን ከመሬት ታንሳ። እኔ ሦስት ቦታ እመርጥላትና «እዚህ ጋ ስትደርሺ ያን ሰዓት እዪው፣ እዚህ ያን ባንዲራ» እላታለሁ። ዳኛ እዪ አልላትም። በተረፈ ደስታ በትእዛዝ አይመጣም። የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲዋ ጂምናስት ኬትሊን ኦሃሺ በ2019 ሙሉ 10 ያገኘችበትን ሩቲን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። ያቺ ልጅ ቀደም ሲል በጉዳትና ስለ ሰውነቷ በሚነገራት ነገር ተሰብራ ከከፍተኛው ውድድር የወጣች ናት። ያን ሳቅ ማንም አላዘዛትም። ስፖርቱን እንደገና ስትወደው ነው የመጣው።

አንድ አባት፦ «አሰልጣኟ ራሷ መርጣ ሰጠቻት። ለሁሉም ልጆች የምትመርጠው እሷ ናት። መከራከር ነውር አይሆንም?»

አይሆንም፣ ጋሼ። አሰልጣኟ የምታውቀው ነገር አለ፤ የልጅቷን ጉልበት፣ የታምብሊንጓን ፍጥነት፣ የትኛው ዓይነት ምት እንደሚረዳት። ስለዚህ ጭራሽ ተዪው አትበሏት። ሦስት ወይም አራት አማራጭ እንድትሰጥ ጠይቋትና ከእነዚያ ውስጥ ልጅቷ ትምረጥ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። እሺ ካላለች ቢያንስ መክፈቻውን ቅርጽና መዝጊያውን ልጅቷ ታውጣ። ሁለት ሰከንድም ብትሆን የራሷ ትሁን።

ሌላ እናት፦ «ዓመቱ መሐል ላይ ሙዚቃውን ጠላሁት ብትለኝስ?»

መጀመሪያ የጠላችው ሙዚቃውን መሆኑን አረጋግጪ። ብዙ ጊዜ የምትጠላው አንዱን ታምብሊንግ ነው። የፈራችው ነገር ያለው እዚያ ሙዚቃ ውስጥ ስለሆነ መግቢያውን ስትሰማ ሆዷ ይታመማል። እንዲህ ከሆነ ታምብሊንጉን ለጊዜው ማቅለል ነው፤ ሙዚቃው ተመልሶ ይወደዳል። በእውነት ሙዚቃው ከሆነ ግን ውድድር ላይ እያለች አትቀይሩት። ሰውነቷ የለመደውን ምት በሁለት ሳምንት ማስረሳት ለጉዳት ያጋልጣታል። የመጨረሻው ሚት እስኪያልቅ ትጠብቅ። እስከዚያው ስልኳ ላይ ዝርዝር ትጀምር፤ ስትሰማ ትከሻዋ የሚነሳበትን ሁሉ እዚያ ታስቀምጥ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ።